ላክቴት 27፦ ከድሬዳዋ የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት 38 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው ሰው የድሬዳዋ ልጅ ነው። የ64 ዓመት አባቱ ለስኳር በሽታቸው ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ በግንቦቱ ሙቀት ተቅማጥና ማስመለስ ይዟቸው ሦስት ቀን ከሰነበቱ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው ልጁ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው። ደማቸው ተመርምሮ በወጣው ወረቀት ላይ ላክቴት (ሰውነት ስኳርን ሲጠቀም የሚሠራው ነገር) የሚል መስመር ነበረ፤ ከአጠገቡም 27 የሚል ቁጥርና ከመጠን በላይ መሆኑን የሚያሳይ ወደ ላይ የተቀሰረ ቀስት። ያያቸው ሐኪም ፈሳሽ በብዛት እንዲጠጡ መክሮ፣ ለማግሥቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ሸኛቸው። ልጁ ማታ ስልኩን ይዞ ሲያነብ ግን ጤናማ ሰው ከ2 እንደማያልፍ፣ 4 የደረሰ በሽተኛም ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው አገኘ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ የጻፈው ጥያቄ ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንደኛው ላክቴት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁለተኛው አባቱን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ማድረስ ይገባው እንደሆነ።

እኔ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታትለው የመጡትን መልሶች፣ የተከታተልሁት ከሐረር ሆኜ ነው። ለነርሲንግ ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔ፣ ርእሱን ሳይ አላስችል ብሎኝ እስከ መጨረሻው አነበብሁት፤ ከመልሶቹም አንዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እዚህ የማሰፍረው የሰዎቹን ቃል በቃሉ ሳይሆን ነገሩ የሄደበትን መንገድ ነው።

1ኛው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ የመጣ ነው። ጸሐፊው የጤና ባለሙያ አለመሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ፣ በእንዲህ ያለ ቁጥር መንጋቱን መጠበቅ እንደማይገባ፣ ባጃጅ ጠርቶ በቀጥታ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል እንዲገሰግስ መከረው። 2ኛው በድሬዎች ወግ በአቦ ጀምሮ፣ እዚህ ተቀምጦ መጻፉ ራሱ ጊዜ ማባከን መሆኑን ጨመረበት። ክሩን ያቃናችው 3ኛዋ ናት። የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኗን ገልጻ፣ ለአባቱ ምሕረትን ከተመኘች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ከ27 ቀጥሎ የተጻፈው መለኪያ ምን እንደሆነ። ላክቴት በሁለት ዓይነት መለኪያ እንደሚጻፍ፣ አንዱ ሚሊሞል በሊትር፣ ሌላው ሚሊግራም በዴሲሊትር እንደሚባል፣ በመካከላቸውም ዘጠኝ እጥፍ ያህል ልዩነት እንዳለ አስረዳች።

በ4ኛው ጠያቂው ተመለሰ። ወረቀቱ የታጠፈው በትክክል በዚያ ቦታ ስለነበረ አላስተዋለውም እንጂ፣ የተጻፈው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። 5ኛው መልስ የአንድ ተማሪ ሲሆን ሒሳቡን ብቻ አስቀምጦ ሄደ፤ 27 ለ9 ሲካፈል 3 ሚሊሞል። ኢንተርኔቱ ላይ ያለው 2 እና 4 የሚለው ልክ ደግሞ በሚሊሞል የተነገረ ነው። እንግዲህ የልጁ አባት ከሞት ወሰን በብዙ እጥፍ ያለፉ ሰው ሳይሆኑ፣ ከጤናማው ጥቂት ከፍ ያሉ ሰው ሆነው ተገኙ። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ክሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

በ6ኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም መሆኑን የገለጸ ሰው ገባ። ያቀረበው አስተያየት ከዚያ በፊት የተጻፈውን እፎይታ የሚያደፈርስ ነበር። 3 የሚለው ቁጥር ለብቻው ሲታይ ብዙ እንደማያስደነግጥ፣ ነገር ግን በስድሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ስኳር ያለበት፣ ሜትፎርሚን የሚወስድና ሦስት ቀን ውኃው የወጣ ሰው ላይ ሲሆን ችላ ሊባል እንደማይገባው ጻፈ። ከዚያም ልጁ አባቱ አልጋ አጠገብ ሄዶ እንዲያያቸው አዘዘው፤ ሽንት ከሸኑ ስንት ሰዓት እንደሆናቸው፣ ንግግራቸው እንደ ወትሮው መሆኑን ወይም መቀባጠር መጀመራቸውን፣ ትንፋሻቸው መፍጠን አለመፍጠኑን፣ እጅና እግራቸው መቀዝቀዝ አለመቀዝቀዙን። በመጨረሻም የሌባ ጣታቸውን ጫፍ እስኪነጣ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲለቀው፣ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጅ እንደሆነ እንዲቆጥር ነገረው። ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢገኝ ሌሊቱን እንዲወስዳቸው፣ ባይገኝም በማለዳ እንዲያደርሳቸው፣ በዚያች ሌሊትም ሜትፎርሚኑን እንዳይሰጣቸው አሳሰበ። እንደ እኔ ይህ አንድ መልስ ሌሎቹን ሁሉ ይመዝናል፤ ሰውየው ከወረቀቱ ዓይኑን አንሥቶ በሽተኛውን ያየ የመጀመሪያው ሰው ነውና።

7ኛው የጠያቂው ነው፤ ሦስት መስመር ብቻ። እጃቸው ሞቃት እንደሆነ፣ የጣታቸውም ቀለም ቶሎ እንደተመለሰ፣ ነገር ግን ከቀትር ወዲህ ሽንት እንዳልሸኑና ትንፋሻቸውም ፈጠን ያለ እንደመሰለው ጽፎ፣ ይዟቸው ሊወጣ መሆኑን ተናገረ። ከዚህ በኋላ ሃያ ያህል መልሶች የተጻፉት እሱ በሌለበት ነው።

8ኛውን የጻፈው ፋርማሲስት ነው። ሜትፎርሚን በጉበት ሳይለወጥ እንዳለ በኩላሊት በኩል የሚወጣ መድኃኒት በመሆኑ፣ ሰው በተቅማጥ ደርቆ ኩላሊቱ ሲዳከም መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ሲጠራቀምም ጉበት ላክቴትን መልሶ ወደ ስኳር የሚለውጥበትን ሥራ እንደሚያውክ አብራራ። የመድኃኒቱ ታላቅ ወንድም የነበረው ፌንፎርሚን በዚሁ ጠንቅ ምክንያት በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ መውጣቱንም አስታወሰ። 9ኛዋ ይህን አንብባ ደንግጣ የጻፈች የሐረር ሴት ናት፤ እናቷ ይህንኑ ክኒን እንደሚወስዱና ከነገ ጀምሮ ልታስጥላቸው እንደወሰነች አሳወቀች። 10ኛው መልስ ፋርማሲስቱ ራሱ የለኮሰውን እሳት ለማጥፋት የተመለሰበት ነው። አደጋው እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ በዓመት ከ100,000 ተጠቃሚ ከ10 በታች ሰው ላይ እንደሚታይ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ለሆነ ሰው ከመከልከሉ በቀር መድኃኒቱ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ባለውለታ መሆኑን ገልጾ፣ እናቷን ያለ ሐኪም እንዳታስቆማቸው አጥብቆ ለመናት። መጀመሪያውኑ ይህን በ8ኛው ቢጽፈው ኖሮ ሴትዮዋ ባልደነገጠች ነበር፤ እውነትን በግማሽ መጻፍ ከባለሙያ ሲመጣ ይበልጥ ይጎዳል።

11ኛው የወጣት ሯጮች አሠልጣኝ መሆኑን የተናገረ ሰው ነው። ላክቲክ አሲድ (የላክቴት የአሲድ መልኩ) ማለት ሰው ሲሮጥ ጡንቻው ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ መሆኑን፣ በማግሥቱ ጭኑ የሚያመውም በእሱ ምክንያት መሆኑን፣ ስለዚህ የአባትየው ነገር በእረፍትና በማሸት ሊስተካከል እንደሚችል ጻፈ። በ12ኛው አንዲት የሕክምና ተማሪ ብርቱ ቃል መለሰችለት። አራት መቶ ሜትር በሙሉ ኃይሉ የሮጠ ሰው ላክቴቱ 15 እና ከዚያም በላይ እንደሚደርስ፣ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ፣ የጡንቻው ሕመም ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ በመሆኑ የሄደ ነገር በማግሥቱ ሊያሳምም እንደማይችል አስረዳች፤ ሕመሙ የጡንቻው ክሮች በጥቂቱ ከመጎዳታቸው የሚመጣ መሆኑንም አከለች። ልክ ነበረች፤ ግን ሰውየውን ባለማወቁ ማሳፈሯ አልተገባም። እኔ ራሴ የአሠልጣኙን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርሁባቸው ዓመታት ስላሉ፣ ያ ስድብ ለእኔም የደረሰኝ ያህል ተሰማኝ።

በ13ኛው ነገሩ ወደ ወተት ዞረ። ጸሐፊው ላክቴት ከወተት እንደሚመጣ ስሙ ራሱ እንደሚናገር፣ ድሬዳዋ ውስጥ የግመል ወተት እንደ ውኃ እንደሚጠጣ ጠቅሶ፣ አባትየው ወተትና እርጎ እንዲተዉ መከረ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በ14ኛው በትዕግሥት መለሰችለት። ስሙ ከወተት የመጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ በ1780 እ.ኤ.አ. ይህን አሲድ መጀመሪያ ያገኘው ከኮመጠጠ ወተት ውስጥ ስለሆነ ብቻ መሆኑን፣ እርጎ የጠጣ ሰው የደም ላክቴቱ በዚያ ምክንያት እንደማይታወክ፣ ሰዎች የሚያምታቱት ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳርም ፈጽሞ ሌላ ነገር መሆኑን አስረዳች። ዮሐን ሼረር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1843 እ.ኤ.አ. በቩርትስቡርግ ከተማ፣ በወሊድ ትኩሳት የሞቱ ሴቶችን ደም መርምሮ ይህንኑ አሲድ ማግኘቱንም ጨመረች፤ ላክቴትና ከባድ በሽታ አብረው መጠራት የጀመሩት እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው።

ለእኔ የክሩ ሁለተኛ ትልቅ መልስ 15ኛው ነው፤ ያቺው ሴት ሳታርፍ አስከትላ የጻፈችው። ከሥጋ ውጭ በብልቃጥ ውስጥ ያለ ደም የሞተ እንዳልሆነ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እዚያም ሆነው ስኳር መብላታቸውንና ላክቴት መሥራታቸውን እንደማያቆሙ አስገነዘበች። ስለዚህ የላክቴት ደም ፍሎራይድ ባለበት ግራጫ ክዳን ብልቃጥ ውስጥ መወሰድ፣ በረዶ ላይ መቀመጥና በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ መመርመር ይኖርበታል። በተራ ብልቃጥ ተወስዶ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ከክሊኒክ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚጓዝ ደም ግን ላክቴቱ መንገድ ላይ ሲጨምር፣ ስኳሩ ደግሞ በዚያው ልክ ሲቀንስ እንደሚውል፣ እሷም በሥራዋ እንዲህ ያለ ናሙና ደጋግሞ ደርሷት እንደመለሰች አወሳች። ክንድ በገመድ ሲታሰርም ላክቴት ይጨምራል የሚለውን አቃለለችው፤ ማሰሪያው ለአጭር ጊዜ ከሆነ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት መሆኑን፣ ይልቁንም በሽተኛው ጡጫውን እየጨበጠ እንዲዘረጋ ማድረግ የከፋ መሆኑን ነገረችን። ለጠያቂውም ጥያቄ ትታለታለች፤ የብልቃጡ ክዳን ምን ቀለም እንደነበረና ደሙ ከተቀዳበት እስከ ተመረመረበት ስንት ሰዓት እንደፈጀ።

16ኛው ይህን ሲያነብ ደስ ያለው ይመስላል። የግል ክሊኒኮች ሁሉ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተከፈቱ መሆናቸውን፣ ወረቀቱም ለእንጀራ መጠቅለያ እንኳ እንደማይበቃ በምሬት ጻፈ። ሐኪሙ በ17ኛው በአጭሩ ገታው። ናሙናው ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠርና በሽተኛው ደኅና ነው ብሎ መደምደም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የተጠረጠረ ቁጥር የሚደገም እንጂ የሚጣል አለመሆኑን ተናገረ።

ከ18ኛው እስከ 21ኛው ያለው ጠብ ነው ማለት ይቻላል። 18ኛው የውጭ አገር መመሪያ ያነበበ ወጣት ባለሙያ ይመስለኛል፤ ላክቴት 4 ከደረሰ በየኪሎው 30 ሚሊሊትር ፈሳሽ ወዲያው መሰጠት እንዳለበት፣ የእኛ ሆስፒታሎች ግን ግሉኮስ እንደ ወርቅ እየቆጠቡ ሰው እንደሚገድሉ ጻፈ። በ19ኛው ከድንገተኛ ክፍል የወጣች ነርስ ደሟ ፈልቶ መለሰች። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው የዩጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ጥናት 3,141 ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናትን መከታተሉን፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከፈሰሰላቸው ውስጥ በ48 ሰዓት 10.5 ከመቶ ያህሉ ሲሞቱ ካልፈሰሰላቸው የሞቱት 7.3 ከመቶ መሆናቸውን አስታወሰች። በዛምቢያ በኢንፌክሽን በወደቁ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናትም እንዲሁ በፈሳሽና በመድኃኒት ከታከሙት 48.1 ከመቶ፣ በተለመደው አካሄድ ከታከሙት 33 ከመቶ መሞታቸውን ጨመረች። መተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ሳንባው በውኃ ለሞላ ሰው መመሪያ እንደማይደርስለትም አልሸሸገችም። 20ኛው የወጣቱ ምላሽ ነው፤ እሷን በነርስነቷ ዝቅ አድርጎ የጻፈበትን ክፍል የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሰርዞታል። ጥቅም ያለው የቀረው ሐሳብ፣ ተቅማጥ ያደረቀውን ሰው በኢንፌክሽን ከወደቀው ጋር ማመሳሰል ስሕተት መሆኑን የሚናገረው ነው፤ በዚህ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የልጁ አባት የጎደላቸው ውኃ ነበርና።

በ21ኛው ሌላ ሰው ገብቶ ነገሩን አጋመው። ወንድሙ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሐኪሞቹ ሪንገር ላክቴት የሚል በደም ሥር የሚሰጥ የፈሳሽ ከረጢት እንደሰቀሉለት፣ ላክቴቱ ከፍ ላለ ሰው ላክቴት መስጠት በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ሆኖ እንደታየው ጻፈ። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ተማሪ ስለሌለ፣ 22ኛውን መልስ እኔ ጻፍሁት።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው በአንድ ሊትር 28 ሚሊሞል ሶዲየም ላክቴት እንጂ አሲድ እንዳልሆነ፣ ጉበት ሲያቃጥለው አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት እንደሚወጣው፣ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ላክቴቱን በሪንገር ፈሳሽ ላይ የጨመረውም ለዚሁ ብሎ እንደነበር ገለጽሁ። ጉበቱ ፈጽሞ ለደከመ ሰው ብቻ ጥንቃቄ ይሻል። ከዚያ ላክቴት ምን ማለት ነው ለሚለው ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሁሉም ለተሻገሩት፣ መልስ ሞከርሁ። ሰውነታችን ደኅና ሆነንም ተኝተንም በቀን በየኪሎው 20 ሚሊሞል ያህል ላክቴት ይሠራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክስጅን የሚጠቀሙበት መሣሪያ ስለሌላቸው ሁልጊዜ ይሠሩታል፤ ጡንቻ፣ ቆዳና አንጀትም ያዋጣሉ። ልብ እንደ ማገዶ ይጠቀምበታል፤ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ወስደው መልሰው ስኳር ያደርጉታል። ይህን ዙር ያገኙት ባልና ሚስቱ ካርልና ገርቲ ኮሪ በ1947 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። በቤታችን ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶ ነው፤ ውኃው ከፍ ብሎ ስታየው የሚገባው በዝቶ ይሁን የሚወጣበት ተደፍኖ ከታች ቆመህ አታውቅም። ደም ወደ ሥጋ አልደርስ ሲል፣ ኦክስጅን ሲጠፋ፣ ወይም ሕመምና ድንጋጤ አድሬናሊንን ሲያፈስ የሚገባው ይበዛል፤ ጉበት ሲታመም ወይም ሜትፎርሚን ሲጠራቀም የሚወጣው ያንሳል። ቲያሚን የተባለው ቫይታሚን ሲጎድልም ስኳሩ መንገዱን መጨረስ ያቅተውና በላክቴት በኩል ይፈስሳል፤ በረኀብ የተጎዳ ወይም መጠጥ የጎዳው ሰው ላይ ይህ ሳይታሰብ ይቀራል፣ መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው።

23ኛው የሮቶውን ምሳሌ አንሥቶ አዞረብኝ። ጸሐፊው በድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ ጊዜ በሽተኛ ይቀበል የነበረ ነው፤ ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በከተማ፣ በበጋም ጭምር፣ በዚያው እኔ በጠቀስሁት ዓይነት የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንደምትራባ አስታወሰኝ። ወደ ጉዳዩ ሲመለስም የዓለም ጤና ድርጅት ወባን ከባድ ከሚያሰኙት ምልክቶች አንዱ ላክቴት 5 ሚሊሞል ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ እንደሆነ፣ ጥገኛው የተሸከማቸው ቀይ ሕዋሳት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ሲዘጉና ጥገኛው ራሱ ስኳር ሲበላ ላክቴቱ እንደሚያሻቅብ አስረዳ። ትኩሳት ላለበት የድሬ ሰው ላክቴት ታይቶ ወባ ሳይታይ መቅረት እንደሌለበትም አጥብቆ ተናገረ።

24ኛዋ ከሐረር የጻፈች እናት ናት። በብርድ ሌሊት በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙት እህቷና ልጆቿ ራሳቸውን ስተው በተገኙ ጊዜ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ሲያሳይ ላክቴቱ ግን ከፍ ብሎ መገኘቱን ተረከች። ሐኪሙ በኋላ ሐሳቡን አከለበት፤ ያ መሣሪያ በከሰል ጭስ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለየው ሐሰት ይናገራል፤ ላክቴቱ ግን ሥጋው የደረሰበትን ያውቃል። እህትየዋና ልጆቿ ተርፈዋል።

በ25ኛው ክሩ ጸጥ አለ። የጻፈው ሰው ነጻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መታደል ከጀመረ በኋላ ስታቩዲን ሲወስድ የነበረ ነው። ክብደቱ እየቀነሰ፣ ሆዱን እያቅለሸለሸው፣ ደረጃ ሲወጣ እንደ ሮጠ ሰው እያለከለከ ወራት እንዳለፉ፣ በዙሪያው ያሉትም በሽታው አሸነፈው ብለው እንደደመደሙ፣ በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ላክቴቱን አስለክታ መድኃኒቱን እንደለወጠችለት ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲተዉ የመከረው በእንዲህ ያለ ጠንቁ ነው። ከዚህ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

26ኛው የሽፈራው ዱቄት ለስኳር መድኃኒት ነው እያለ ስልክ ቁጥር የለጠፈ ነጋዴ ነበር፤ ተሰረዘ። የመልሱ ተራ ቁጥር ግን በቦታው ቀርቷል።

ጠያቂው በ27ኛው ሲመለስ ነግቶ ነበር። ሆስፒታል እንደደረሱ ከአባቱ ደም ተቀድቶ በዚያው ክፍል ባለ መሣሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሲመረመር ላክቴቱ 2.4 ሚሊሞል ሆነ። የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሬአቲኒናቸው ግን 2.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ማለትም ከጤናማው ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ባይካርቦኔታቸውም ወደ 16 ወርዷል። ሌሊቱን 2 ሊትር ሪንገር ላክቴት ተሰጣቸው፤ ሜትፎርሚኑም ቆመ። ማለዳ ሽንት ሸኑ፤ ላክቴታቸው 1.3 ሆነ፤ ሻይም ጠየቁ። ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጥያቄም መልስ ይዟል፤ ክዳኑ ቀይ ነበር፣ ደሙ የተቀዳው ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሌላ ቦታ ተልኮ ውጤቱ የተሠራው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው።

28ኛው ምስጋና ብቻ ነው። ከ29ኛው እስከ 33ኛው ግን ማን ልክ እንደነበረ ተከራከሩ። 16ኛውን የጻፈው ሰው ከ3 ወደ 2.4 መውረዱ ናሙናው መበላሸቱን እንደሚያረጋግጥ ተናገረ። የሕክምና ተማሪዋ ደግሞ በመካከሉ ሰዓታት ማለፋቸውን፣ አባትየውም በዚያ ጊዜ ውኃ ሲጠጡ መዋላቸውን አንሥታ፣ ልዩነቱ የብልቃጡ ይሁን የሰውየው ከእንግዲህ ሊለይ እንደማይችል ሞገተች። አንዱ የክሊኒኩን ስም እንዲጽፍ ጠያቂውን ጎተጎተው፤ ጠያቂው እንቢ አለ። ሐኪሙ በ33ኛው ሲዘጋው፣ ያ ክሊኒክ ላክቴት መመርመሩ ራሱ የሚመሰገን መሆኑን፣ የጎደለው ኩላሊቱን አብሮ አለማየቱና የሚወስዱትን መድኃኒት አለመጠየቁ መሆኑን ጻፈ። የትንፋሻቸውም መፍጠን ከላክቴቱ ይልቅ ተቅማጡ ካጠበው ባይካርቦኔት ሊሆን እንደሚችል አመለከተ፤ ይህን ከእኛ መካከል ማንም አላሰበውም ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

34ኛው ሐኪሙን በቀጥታ የሚጠይቅ ነው፤ የላክቴት መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምን ይደረጋል? በ35ኛው ሐኪሙ ወደዚያች የጣት ጫፍ ተመለሰ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን አንድሮሜዳ ሾክ የተባለውን የላቲን አሜሪካ ጥናት ጠቀሰ። ኢንፌክሽን ደም ግፊታቸውን የጣለው 424 በሽተኞች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በላክቴት፣ ገሚሶቹ ጣት ተጭኖ ቀለሙ የሚመለስበትን ጊዜ በመቁጠር ሲታከሙ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በላክቴቱ 43.4 ከመቶ፣ በጣቱ 34.9 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የመጨረሻ ማረጋገጫ ለመባል ለጥቂት ያልደረሰ መሆኑን አልደበቀም፤ ቢያንስ ግን ጣቱ ከማሽኑ እንዳላነሰ ታይቷል። ነርሷ በ36ኛው፣ ከ19ኛው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብላ፣ በድንገተኛ ክፍላቸው መብራት በጠፋ ሌሊት በዚሁ መንገድ እንደሚሠሩ ጻፈች። 37ኛው አስም ያለባትን ልጁን ያነሣ አባት ነው፤ ቬንቶሊን ደጋግማ ከተነፋች በኋላ ላክቴቷ 5 መውጣቱ አስጨንቆታል። መድኃኒቱ እንደ አድሬናሊን ስለሚሠራ በራሱ ላክቴት እንደሚጨምር፣ ላክቴቱም ትንፋሽ ሲያፈጥን አስሙ የባሰ መስሎ ተጨማሪ ቬንቶሊን እንደሚያስነፋ፣ ይህን ዙር የሚሰብረው ደረቷን የሚያዳምጥ ሐኪም መሆኑን ፋርማሲስቱ በዚያው መልስ ሥር አስታወሰው፤ በዚህኛው ጊዜ ሙሉውን ጽፏል።

38ኛው ከሳምንት በኋላ የመጣ የጠያቂው ጽሑፍ ነው። ክሬአቲኒኑ ወደ 1.3 ወርዷል፤ ሜትፎርሚኑ በግማሽ መጠን እንዲጀመር ሐኪማቸው ወስኗል። ለክትትል ደም ሲቀዳ ልጁ አጠገብ ቆሞ የክዳኑን ቀለም አይቶ፣ የተቀዳበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ እንዲጻፍ ሲጠይቅ፣ ቀጂው ቀና ብሎ አይቶት የት ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ጠየቀው።